ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ አይቀልም፦ «ዓሣ በቤትዎ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ስንቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ዓሣ በቤትዎ፦ በትንሽ ቦታ፣ በትንሽ ገንዘብ» ይላል። ለእኔም ከብዙ ሰው ደርሶኛል። አንዳንዶቹ ከሥሩ «እኔም ልጀምር ነው» የሚል ጨምረውበታል። መልስ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ነው። ጽሑፉ ያጓጓል፣ ቋንቋውም ያምራል። ነገር ግን እንደተባለው ያደረገ ሰው ወር ሳይሞላው ዓሣው ሞቶ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ «ዓሣ ለእኔ አይሆነኝም» ብሎ ገንዳውን ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅለዋል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጀማሪ ከ5 እስከ 10 ሊትር በሚይዝ ክብ የመስታወት ገንዳ ቢጀምር ይሻለዋል ይላሉ። ርካሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ለማጠብም ይቀላል። ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ስለሆነ ይተልቅብኛል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ጎልድፊሽ ይምረጥ፤ ጠንካራ ነው፣ ማሞቂያም አይፈልግም። ፊልተር ቅንጦት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን በሙሉ ደፍቶ፣ ገንዳውን አጥቦ እንደገና መሙላት ይበቃል። ስንት ዓሣ ይገባል ለሚለው ደግሞ ቀመር አላቸው፦ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ዓሣ። ገንዳው እንዳይቆሽሽ አንድ ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ይጨመር። በመጨረሻም ዓሣው አድጎ ካስቸገረ በአቅራቢያ ወዳለ ወንዝ ወይም ሐይቅ ወስዶ መልቀቅ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነውና።

ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው አንድ ውሃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል። አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካል፣ በኩል ነው፤ በዓይን አይታይም። ውሃው ጥርት ብሎ እያለ ዓሣው ሊመረዝ ይችላል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም ያው አሞኒያ ነው የሚሆነው። እንግዲህ አንድ ልጅ አንድ ቁንጥር ምግብ አብዝቶ ጨመረ እንበል። ያ ምግብ በ60 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የሚፈጠረው መርዝ በ60 ሊትር ይከፋፈላል። በ10 ሊትር ውስጥ ሲሆን ስድስት እጥፍ ይጠነክራል። ልምድ ያለው ሰው የዓሣውን አኳኋን አይቶ ቶሎ ይነቃል። ጀማሪ ግን እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ የውሃው ብዛት ነው። በትንሽ ገንዳ ውስጥ ስህተት የማረሚያ ጊዜ የለም።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀን ፀሐይ የገባበት ሳሎን ይሞቃል፤ ሌሊት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል። ብዙ ውሃ ግን ለውጡን ቀስ አድርጎ ነው የሚቀበለው። ዓሣ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ውሃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ቀን 25 ዲግሪ፣ ሌሊት 17 ዲግሪ የሚሆን ገንዳ ውስጥ ያለ የሞቃት አገር ዓሣ ሕመምን የሚቋቋምበት አቅም ይደክማል።

ገንዘቡ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ትልቅ ገንዳ ይወደዳል። ሁሉም ቤት ሰፊ ቦታ የለውም፤ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ጠረጴዛም ጭንቅ ነው። ግን መፍትሔው 10 ሊትር አይደለም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል። ሦስቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። ይህ ገንዳ ከአንድ መለስተኛ ቴሌቪዥን የበለጠ ቦታ አይወስድም። ጠጠሩና መስታወቱ ሲጨመር ክብደቱ ከአንድ ጎልማሳ ሰው ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ የማይወዛወዝ ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ወለል ግን ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። ያገለገለ ገንዳ መፈለግ ይቻላል። መስታወት የሚቆርጥ ባለሙያም በልኩ ቆርጦ በሲሊኮን ያጣብቅላችኋል፤ ሲሊኮኑ ብቻ የፀረ ሻጋታ ኬሚካል የሌለው መሆን አለበት፤ ያ ኬሚካል ዓሣ ይገድላል።

ክብ ስለሆነው ገንዳም አንድ ነገር ልበል። ኦክስጅን ወደ ውሃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ነው። ክብ ገንዳ እስከ አፉ ሲሞላ ገጹ ይጠባል። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ነውና። ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ደግሞ አለ። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እዚህ የሚይዘው ወደ 6 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ አንድ አራተኛው ጎድሏል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ዓሣ አይገድልም። በአዲስ አበባ ብዙ ዓሦች በሰላም ይኖራሉ። ግን መጠባበቂያው ጠቧል። ከውጭ አገር መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ የሚቀዳ «ይህን ያህል ዓሣ ይገባል» የሚል ቁጥር ሁሉ ይህን አያሰላም። ስለዚህ እኛ ከተጻፈው ዓሣ መቀነስ፣ የውሃውን ገጽ ደግሞ በፊልተር ወይም በአየር ፓምፕ ማንቀሳቀስ አለብን። በነገራችን ላይ የሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ክብ የዓሣ ገንዳን በከተማዋ ደንብ ከልክላለች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፦ «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል»። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የዓሣ ሻጮችም ይሉታል። ለምን እንደሚታመንም ይገባኛል፤ በትንሽ ገንዳ ያለ ጎልድፊሽ በእርግጥም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ያዩት ነገር እውነት ነው። የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። ዓሣው ገንዳውን ለክቶ «እዚህ ላይ ልቁም» አላለም። የራሱ ቆሻሻ በተከማቸበት ውሃ ውስጥ ስለሚኖር እድገቱ ቀጨጨ። የቀጨጨ ልጅን አይተን «ቤቱ ስለሚጠብ በልኩ አደገ» አንልም።

አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ በተቃራኒውም መሥራት ነበረበት። ጋፒ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ብትገባ ቆሮሶ ማከል ነበረባት። አታክልም። ሙሉ ወንዝ ቢሰጣትም ከ3 እስከ 6 ሴንቲሜትር ላይ ታበቃለች። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ልክ አለው። መጥፎ ቦታ ከዚያ ልክ ያሳንሰዋል፤ ጥሩ ቦታ ግን ከልኩ አያሳልፈውም። ዓሣ በኩሬ የሚያረቡ ገበሬዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ተራብቶ ሲጨናነቅ ሁሉም ጣት ጣት አክሎ ይቀራል፤ ለገበያ አይሆንም። ለዚህ ነው ብዙ አርቢዎች ወንድ ወንዱን ብቻ ለይተው የሚያሳድጉት። ለአርቢው ያ ቅጭጨት ኪሳራ ነው። የእኛ ጸሐፊ ያንኑ ነገር እንደ ጥቅም አቅርበውታል።

ስለዚህ ዓሣ ስንገዛ መጠየቅ ያለብን ሱቅ ውስጥ ያለበትን መጠን ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበትን ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሕፃናት ናቸው። ኦስካር የሚባለው ዓሣ 4 ሴንቲሜትር ሆኖ ይሸጣል፤ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ሻርክ የሚመስለው ፓንጋሲየስ በተፈጥሮው ከ1 ሜትር በላይ ይደርሳል። ኤንጀልፊሽ ከላይ እስከ ታች ክንፉ ሲለካ 20 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ይጠበዋል። መጀመሪያ ዓሣው ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን ይታወቅ፤ ገንዳው ከዚያ ይመረጥ። ገንዳው አስቀድሞ ካለ ደግሞ ለእሱ የሚመጥን ዓሣ ብቻ ይፈለግ። ከጠቅላላው ክርክር አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ጎልድፊሽ ለጀማሪ የሚለው ምክር የሚፈተነውም በዚሁ ነው። ጸሐፊው ሁለት እውነት ተናግረዋል። ጎልድፊሽ ብዙ ይችላል። ማሞቂያም አይፈልግም፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ይህ ደግሞ ለአዲስ አበባ ቤት ቅርብ ነው። በአየሩ በኩል ከብዙ ዓሦች ይልቅ ለእኛ ይስማማል። በመጠኑ በኩል ግን ለትንሽ ገንዳ ከማይሆኑት ዓሦች ቀዳሚው ነው። ተራው፣ ባለ ነጠላ ጅራቱ ጎልድፊሽ 20 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ 30 የሚደርስም አለ። ድቡልቡሉ፣ ባለ ድርብ ጅራቱ እንኳ 15 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሆድ ዕቃው ውስጥ ጨጓራ የለውም፤ የሚበላው ቶሎ ያልፋል፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ቀኑን ሙሉ ይጸዳዳል። ውሃ በማቆሸሽ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1956 ከአውደ ርዕይ በሽልማት የተገኘ አንድ ጎልድፊሽ የሞተው በ1999 ነው። 43 ዓመት መሆኑ ነው። ለድርብ ጅራቱ ከ70 ሊትር መጀመር፣ ለነጠላ ጅራቱ ደግሞ የግቢ ኩሬ ማሰብ ነው የሚሻለው። ግቢ ላለው ሰው ጎልድፊሽ ግሩም ምርጫ ነው። ለ10 ሊትር ብርጭቆ ግን አይሆንም።

«ጠንካራ ነው» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ጠንካራ ማለት ሲሰቃይ ቶሎ አይሞትም ማለት ነው። ሦስት ወር በመጥፎ ውሃ የቆየ ዓሣ ተመችቶታል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ፊልተሩና ውሃ መቀየሩ ልምጣ። የጽሑፉ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ፊልተር ቅንጦት የመሰላቸው ሥራው ቆሻሻ ማጥለል ብቻ ስለመሰላቸው ነው። ዋናው ሥራው ሌላ ነው። የፊልተሩ ስፖንጅ የባክቴሪያ ቤት ነው። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ በመቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። ራሳቸው መጥተው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል።

ብዙ ሰው የሚገጥመው ግራ መጋባት በዚህ ይፈታል። ዓሣው የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ይሰነብታል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ውሃው አናት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ይሞታል። ሰው «ምን ነካው? ትናንት ደህና ነበር» ይላል። ቀስ በቀስ የተጠራቀመው አሞኒያና ናይትራይት ነው የነካው። ባክቴሪያዎቹ ገና አልደረሱለትም።

በየሳምንቱ ሁሉንም ደፍቶ ማጠብ ምን ያደርጋል? የተጀመረውን የባክቴሪያ ቤት በየሳምንቱ ያፈርሳል። ገንዳው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። በሳሙና ከታጠበ ደግሞ የሚቀረው የሳሙና ቅሪት የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። በዚያ ላይ ዓሣው ከለመደው ውሃ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ፍጹም ሌላ ውሃ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። የቧንቧ ውሃችን ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከፊሉ ደግሞ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድኑ ይበዛል። የዛሬው ውሃ ካለፈው ሳምንቱ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሩብ ያህሉን ብቻ የቀየረ ሰው ዓሣው ልዩነቱን ሳያውቀው ያልፋል። ሁሉንም የቀየረ ግን ዓሣውን ያስደነግጠዋል።

ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላሉ አንባቢዎች ይህ የበለጠ ያሳስባል። እዚያ ብዙ ቦታ የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካላይነቱ መለኪያ፣ ከፍ ያለ ነው። የውሃው ፒኤች 7 ሲሆን ከአሞኒያው በመርዛማ መልኩ የሚገኘው ከ1 በመቶ ያንሳል። 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። በአንዱ ቤት ምንም ያላደረገ አሞኒያ በሌላው ቤት ዓሣ ይጨርሳል ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። የቧንቧ ውሃ ከመጨመሩ በፊት አፉ በተከፈተ ባልዲ ለአንድ ቀን እንዲቀመጥ መክረዋል። ልክ ነው። ክሎሪኑ በዚያ ጊዜ ይተናል። ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብም፣ ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ያው በርሜልና ጄሪካን ሞልተን ማስቀመጥ ለምደነዋል። ለ54 ሊትር ገንዳ በሳምንት የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 15 ሊትር ነው። ከአንድ ጄሪካን ያነሰ። ገንዳው ሙሉ በሙሉ ይደፋ ከሚለው ምክር ጋር ሲነጻጸር ውሃ ለሚቸግረው ቤት የትኛው እንደሚቀል አንባቢ ያስላው። ስፖንጁም ሲቆሽሽ በቧንቧ አይታጠብም፤ ከገንዳው በተቀዳው አሮጌ ውሃ ለቀቅ አድርጎ መጭመቅ ነው።

ጸሐፊው «መብራት እየጠፋ ፊልተር ምን ይሠራል?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእኛው ችግር ነው። ግን መልሱ ወደ ትልቅ ገንዳ ይወስደናል። ፊልተሩ ሲቆም ዓሣው የሚተማመነው በውሃው ብዛትና በገጹ ስፋት ብቻ ነው። ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ዓሣ ያልበዛበት 54 ሊትር ችግር አይገጥመውም። ከቆየ ምግብ አለመስጠት፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር፣ ሌሊት ከሆነ የገንዳውን ጎኖች በብርድ ልብስ መሸፈን። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ የሚገኝ ከሆነ ሌላ ነገር ከመግዛት በፊት እሱን መግዛት ነው። 10 ሊትር ውስጥ ያለ ጎልድፊሽ ግን መብራት ባይጠፋም በመጠባበቂያው ላይ ነው የሚኖረው።

ቀመሩ፣ «ለአንድ ሊትር አንድ ሴንቲሜትር»፣ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። እንደ ኒዮን ቴትራ ላሉ ቀጫጭን ትንንሽ ዓሦች መነሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ይፈርሳል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ዓሣ በርዝመት ብቻ አያድግም፤ ይሰፋል፣ ይወፍራልም። ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አሥር ኒዮን ቴትራ፣ እያንዳንዱ 3 ሴንቲሜትር፣ በቀመሩ 30 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ኦስካርም 30 ሴንቲሜትር ነው። በቀመሩ እኩል ናቸው። ርዝመቱ አሥር እጥፍ የሆነ ዓሣ ግን ክብደቱ ወደ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ኦስካር ከአሥሩ ኒዮኖች ጋር እኩል ያቆሽሻል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። 30 ሊትር ውስጥ ኦስካር ዞሮ እንኳ ለመመለስ ይቸገራል።

ቀመሩ የማያያቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ኒዮን ቴትራ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ይፈራሉ፣ ጥግ ይይዛሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ቤታ የሚባለው ዓሣ ሁለት ወንድ ከሆነ ደግሞ ሊትሩ ቢበቃም አንድ ላይ አይኖሩም፤ ይጋደላሉ። ጋፒ ሌላ ጉድ አላት። በወር ገደማ ትወልዳለች፣ በአንድ ጊዜ 20 ወይም 30 ሕፃናት። ወንዱ ቢወጣም የዘር ፍሬውን በሆዷ አቆይታ ለወራት ትወልዳለች። ዛሬ በቀመሩ የተለካ ገንዳ በሁለት ወር ይጨናነቃል። መፍትሔው ወንድ ወንዱን ብቻ መግዛት ነው፤ ቀለማቸውም የሚያምረው የእነሱ ነው።

ስለ ቤታ ጸሐፊው በብርጭቆም ይኖራል ብለዋል። ከፊሉን እቀበላለሁ። ቤታ ከውሃው በላይ አየር በአፉ የሚስብበት የተለየ አካል አለው። የውሃው ኦክስጅን ማነስ እንደሌሎቹ አያስጨንቀውም። አንድ ጄሪካን በምታህል፣ 20 ሊትር በምትይዝ ገንዳ ብቻውን ደህና ይኖራል። በእውነት ትንሽ ገንዳ ብቻ ለሚችል ሰው የምመክረው እሱን ነው። ግን የታይላንድ ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። አየር መሳቡ ከአሞኒያም፣ ከአዲስ አበባ ሌሊትም አያድነውም። ማሞቂያና ቀስ ብሎ የሚሠራ ፊልተር ግድ ነው።

የፕሌኮው ጉዳይ አጭር ነው። ልጅ ሆኖ መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ንጣፍ (አልጌ) ይበላል፤ እውነት ነው። የሌሎች ዓሦችን ኩስ ግን አይበላም። ራሱ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ ከሁሉም በላይ ኩስ የሚጥለውም እሱ ይሆናል። አረንጓዴው እንዳይበዛ ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅና ምግብ መቀነስ ይበቃል።

የመጨረሻው ምክር ላይ ለዘብ ማለት አልችልም። ዓሣን ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ ለማንም አይመከር። ጸሐፊው ይህን ያሉት ለዓሣው አዝነው እንደሆነ ይታየኛል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከአንድ ዓሣ በላይ ነው። እምቦጭን እናስታውስ። አገሩ አማዞን ነው። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በአበባው ውበት ምክንያት የኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። እኛ አገር ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ጎልድፊሽ የካርፕ ዘመድ ነው፤ የሐይቅ ወለል እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ የሌሎችን እንቁላል ይበላል። ጋፒ ትንኝ ታጠፋለች ተብላ በተለቀቀችባቸው ብዙ አገሮች ተራብታ የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ ስታስቸግር ታይታለች። የቤት ገንዳ ዓሣ ጥገኛ ተባይና በሽታም ይዞ ሊሄድ ይችላል። አንድ ዓሣ ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። ምክሩን ያነበበው ግን አንድ ሰው አይደለም።

ዓሣ ከገንዳው በላይ ካደገ ሌላ መንገድ አለ። ለገዛንበት ሱቅ መመለስ፣ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው መስጠት፣ ኩሬ ያለው ሆቴል ወይም ካፌ መጠየቅ። ከመነሻው ለገንዳው የሚመጥን ዓሣ ለገዛ ሰው ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ታዲያ ምን ይገዛ? 54 ሊትር ገንዳ፣ የስፖንጅ ፊልተርና የአየር ፓምፕ ያለው ሰው ሁለት ጥሩ መንገድ አለው። ማሞቂያ ከገዛ ስድስት ወይም ስምንት ኒዮን ቴትራ ከታች ከሚርመሰመሱ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ኮሪዶራስ ጋር፣ ወይም ደግሞ አምስት ስድስት ወንድ ጋፒ። ማሞቂያ ካልገዛ ቅዝቃዜ የሚችለው ዜብራ ዳኒዮ አለ፤ 18 ዲግሪም ይበቃዋል፣ ዋናተኛ ስለሆነ ረዘም ያለ ገንዳ ይወዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን አለማስገባት። ዓሣ ያለው ጓደኛ ካለ ከእሱ ፊልተር ቁራጭ ስፖንጅ መለመን፤ ባክቴሪያው አብሮ ስለሚመጣ የሳምንታቱ ጥበቃ በጣም ያጥራል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓሣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቂት። ምግቡ በአንድና በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ። የዳቦ ፍርፋሪ አይሰጥ።

ጽሑፉን አንብባችሁ 10 ሊትሩን ገንዳና ጎልድፊሹን የገዛችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ትልቁ ገንዳ እስኪገኝ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሩብ ውሃ፣ ክሎሪኑ በተነነ ውሃ፣ ቀይሩ። ምግቡን በቀን አንዴ፣ በጣም ጥቂት አድርጉት። የአየር ፓምፕ አስገቡ። ጎልድፊሹ ወደ ሰፊው ሲዛወር 10 ሊትሩን አትጣሉት። አዲስ የሚገዛ ትንሽ ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ፊልተር ተደርጎለት፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ እየተቀየረለት ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው እዚያ ይቆይ። በሽታ ይዞ ከመጣ እዚያው ይታያል፣ እዚያው ይታከማል።